ልጁ ያነባል፤ ግን ገብቶታል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ ውስጥ የ4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። 64 ተማሪዎች አሉኝ። ብዙዎቹ ምንባብ ሲያነቡ አይደናቀፉም። ከምንባቡ ሥር ያሉትን ጥያቄዎችም ይመልሳሉ። መጽሐፉን አስዘግቼ ‹ስለ ምንድን ነው ያነበባችሁት?› ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። በተለይ አንድ ልጅ አለ። እንደ ውኃ ያነባል። ስጠይቀው ግን ምንም አይነግረኝም። አንብበው መረዳታቸውን በትክክል የምመዝነው እንዴት ነው?»

ምላሽ፦

መምህርት፣ ከመልሱ በፊት ይህችን ዓረፍተ ነገር ያንብቡልኝ።

«ትናንት ሁለት ዘንፊጦች ወደ ድርንቆው ሄደው ሙርጨቱን በሙሉ ሸነደፉት።»

አሁን ልጠይቅዎ። ዘንፊጦቹ ስንት ናቸው? ወዴት ሄዱ? ሙርጨቱን ምን አደረጉት? ሦስቱንም ይመልሳሉ። ሁለት ናቸው፤ ወደ ድርንቆው ሄዱ፤ ሸነደፉት። ከሦስት ሦስት አገኙ ማለት ነው። ዘንፊጥ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። እኔም አላውቅም፤ ቃሉን አሁን ነው የፈጠርኩት።

ተማሪዎችዎም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ይፈልጉታል። ሲያገኙት አጠገቡ ያለውን ይገለብጣሉ። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። እኛው በጥያቄዎቻችን ያስተማርናቸው ብልሃት ነው። «ማን? የት? መቼ? ስንት?» ብቻ እየጠየቅን ከኖርን፣ ልጁ ቃል መፈለግ እንጂ መረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመዘነው ልጁ ሳይሆን ጥያቄው ነው።

የሚቀጥለውን የፈተና ወረቀት ከማባዛትዎ በፊት እያንዳንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ ይፈትኑት። አንደኛ፣ ያልገባው ልጅ ከምንባቡ ገልብጦ ሊመልሰው ይችላል? ሁለተኛ፣ ምንባቡን ጭራሽ ያላነበበ ልጅ ሊመልሰው ይችላል? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለ ንብ የተጻፈ ምንባብ ሰጥተን «ንብ ምን ትሰጠናለች?» ብለን እንጠይቃለን። ማር ለማለት ማንበብ አያስፈልግም። ጥያቄዎቹን ብቻ፣ ያለ ምንባቡ፣ ለሌላ ክፍል ልጅ ስጡትና እዩት። ግማሹን ከመለሰ ፈተናው የሚለካው ንባብን አይደለም።

ታዲያ ምን ዓይነት ጥያቄ ይሻላል? በምሳሌ ላሳይ። ይህችን አጭር ምንባብ ለእርስዎ ክፍል ብዬ ጻፍኳት።

«ጥሩዬ ቅዳሜ ማለዳ አህያዋን እየነዳች ከቤት ወጣች። በአህያዋ ጀርባ ላይ ምንም ጭነት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ተመለሰች። ልጇ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ግራና ቀኝ ተመለከተና ‹አህያችንስ?› አላት። ጥሩዬ መልስ አልሰጠችውም። ከዘንቢሉ አዲስ ጫማና ስድስት ደብተር አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። ልጁ ጫማውን አየው። አላነሣውም።»

«ጥሩዬ በምን ተመለሰች?» ብለው ቢጠይቁ 64ቱም «በባጃጅ» ይላሉ። ምንም አላወቁም ማለት ነው። «አህያዋ የት ሄደች?» ይበሉ እንጂ። ምንባቡ ውስጥ «ሸጠች» የሚል ቃል የለም። «ገበያ» የሚልም የለም። ልጁ ቅዳሜን፣ ባዶ ጀርባን፣ ባጃጅን፣ ጫማንና ደብተርን አንድ ላይ ማሰር አለበት። ቅዳሜ ገበያን የሚያውቅ የጎንደር ልጅ ደግሞ ለማሰር የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ አለ። ከዚያ «ጊዜው መቼ ይመስላችኋል?» ብለው ይቀጥሉ። ደብተሩ መስከረም አካባቢ ያደርሳቸዋል። «ልጁ ጫማውን ለምን አላነሣውም?» የመጨረሻው ነው። እሱ ላይ አይቸኩሉ። ዝም ብለው ይጠብቋቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ «እንዴት አወቅህ?» የሚለው። አንድ ልጅ «አህያዋ ተሰርቃለች» ቢልዎ ወዲያው «ተሳስተሃል» አይበሉት። እንዴት አወቅህ ይበሉት። «ይዛት ሄዳ ሳትመልሳት ስለመጣች» ካለ የተወሰነ መንገድ ሄዷል። «ጫማውና ደብተሩስ በምን ተገዛ?» ብለው ወደ ምንባቡ ይመልሱት። ውጤት መስጠት ካለብዎ ቀላል አድርጉት። ምንም ካልመለሰ ዜሮ። ከራሱ ግምት ብቻ ከመለሰ አንድ። ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሶ ከመለሰ ሁለት። ይህ ለተከታታይ ምዘና መዝገብ ይበቃል።

ይህ ዘዴ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይማራል፣ ዳዊት ይደግማል። ቋንቋው ግዕዝ ነው። ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው የሚያነበንበው። ይህ ግን ታስቦ የተሠራ ነው። መጀመሪያ አንደበት ይፍታ፣ ምሥጢሩ በኋላ ይመጣል ነው ነገሩ። ቅኔ ቤት ሲገባ «ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ደግሞ «አንድም» እያለ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ ይፈታል። እያንዳንዱን ፍቺ ታዲያ ከቃሉ አያርቀውም። እኔ እንደሚመስለኝ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የመጀመሪያውን ደረጃ ወርሶ ሁለተኛውን ረሳው። የእኛ ልጆች የሚያነቡት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ምሥጢሩን ለዓመታት የምናቆይበት ምክንያት የለም።

ወደ እርስዎ ልጅ ከመሄዴ በፊት የራሴን አንድ ነገር ልንገርዎ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሳስነብብ ሁልጊዜ እሷን ነበር የማስነሣው። አንድ ቀን መጽሐፉን ሁለት ገጽ አሳልፋ ገልጣ ኖሮ፣ ዓይኗ አንዱ ገጽ ላይ እያለ አፏ የሌላውን ገጽ ምንባብ ይወጣዋል። ታላቅ ወንድሟ ማታ ማታ ያነብላታል፣ እሷ በቃሏ ትይዛለች። ያቺ ልጅ ፊደል በደንብ አትለይም ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር አሞግሼያታለሁ፤ የሚያስፈልጋትን ግን አልሰጠኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ከመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ ምዘና ሠርቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት፣ አጭር ምንባብ እጽፋለሁ። ስምንት መስመር ይበቃል።

አሁን ወደዚያ እንደ ውኃ ወደሚያነበው ልጅ። «አልገባውም» ማለት ብቻውን ምንም አይጠቅመንም። የት ላይ እንደተቋረጠበት ማወቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በጣም ቀላል አድርገው አስቀመጡት። አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው አሉ። አንዱ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ ነው። ሌላው ቋንቋውን ሰምቶ መረዳት ነው። ብዜት ስለሆነ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

ከዚህ አንድ ቀላል ፍተሻ ይወጣል። አንዱን ምንባብ ልጁ ራሱ ያንብብ፤ ይጠይቁት። ሌላ፣ ክብደቱ የሚመሳሰል ምንባብ ደግሞ እርስዎ ያንብቡለት፤ ይጠይቁት። ሲያነቡለት ገብቶት ራሱ ሲያነብ ካልገባው፣ ኃይሉን ሁሉ ፊደሉ በልቶበታል። ልምምድ ያስፈልገዋል። ሲያነቡለትም ካልገባው ግን ችግሩ ዓይኑ ላይ አይደለም። የቃላት እጥረት፣ የረጅም ዓረፍተ ነገር አያያዝ ወይም ስለ ርዕሱ ያለው እውቀት ነው። ለዚህ ልጅ ፊደል ማስለየት ጊዜ ማባከን ነው። ሦስተኛም አለ፤ ሁሉም ገብቶት መናገር የሚያፍር። እሱን በሥዕል ወይም በጽሑፍ ይጠይቁት። አህያዋ የሌለችበትን ደጃፍ ከሣለ ገብቶታል።

የአማርኛ መምህር በመሆንዎ ደግሞ ሌላው የሌለው መሣሪያ አለዎት። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይህ ለአንባቢ ችግር ነው። ለመዛኝ ግን ትልቅ ስጦታ ነው። እነዚህን ይመልከቱ።

«ገና ገና አልደረሰም።»

«ሰፊው ሰፊ ሱሪ ሰፋ።»

«ዋናው አሠልጣኝ ዋና አይችልም።»

«በሬ ሣር ይበላል። የበሬ ሥጋም ይበላል።»

የመጀመሪያው ገና በዓሉ ነው፤ ይጠብቃል። ሁለተኛው ይላላል። አንደኛው ሰፊ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ይላላል። ሌላው ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ ልዩነት የለም። ልጁ አጥብቆና አላልቶ በየቦታው የሚያነበው ትርጉሙ ከገባው ብቻ ነው። ማንም ሳያርመው «ዋናውን» አጥብቆ «ዋናን» አላልቶ ካነበበ፣ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ላያስፈልግዎ ይችላል። ፊደል ብቻ የሚቆጥረው ልጅ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ይላቸዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሲሳሳትና ሲመለስ ነው። ልጁ «ዋናው»ን አላልቶ ጀመረ እንበል። «አሠልጣኝ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰና አጥብቆ አነበበው። ብዙ መምህር ይህንን እንደ መደናቀፍ ቆጥሮ ነጥብ ይቀንሳል። እባክዎ እንዳይቀንሱ። ያ ልጅ እያነበበ ራሱን እያዳመጠ ነው። መረዳት ማለት ያ ነው። ሳይደናቀፍ ተሳስቶ ያለፈው ነው የሚያሳስበው። እንዲሁም «አህያዋን እየነዳች ከቤት ወጣች» የሚለውን አንዱ «ከቤት ሄደች» ብሎ ቢያነበውና ሌላው «ከቤት ወጠች» ብሎ ቢያልፍ፣ ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ሐሳቡን ይዟል። ሁለተኛው ትርጉም የሌለው ድምፅ አውጥቶ ምንም አልመሰለውም። በማስታወሻዎ ላይ ለይተው ይጻፏቸው።

ራስን ማዳመጥ ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ ኤለን ማርክማን ጥናት ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው። ለልጆች እርስ በርሱ የሚጋጭ ጽሑፍ አሰማቻቸው። በውቅያኖስ ወለል ላይ ምንም ብርሃን የለም ይላል። ቀጥሎ ደግሞ እዚያ ያሉ ዓሦች ምግባቸውን በቀለሙ ይለዩታል ይላል። ምንም ብርሃን ሳይኖር ቀለም እንዴት ይታያል? ብዙዎቹ ልጆች፣ የ6ኛ ክፍሎቹም ጭምር፣ ችግር እንዳለበት አላስተዋሉም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የምርጫ ጥያቄ ይበልጣል። የራስዎን መጻፍ ደግሞ ቀላል ነው። «በበጋው ወንዙ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ጠብታ ውኃ አልቀረም። ልጆቹ በጣም ሞቃቸው። ልብሳቸውን አውልቀው ወንዙ ውስጥ ገብተው ሲዋኙ ዋሉ።» ይህንን ሰጥተው «ግልጽ ያልሆነ ነገር አለ?» ብቻ ይበሉ። ፈጥኖ እጁን የሚያወጣው ልጅ ሁልጊዜ ፈጣን አንባቢው አይሆንም። አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጦ ቀስ ብሎ የሚያነበው ነው።

መልሶ ማስተረክም አለ። እርስዎም ሞክረውታል፤ «ስለ ምንድን ነው?» ብለው ዝም ተባሉ። ጥያቄው ለልጅ በጣም ሰፊ ነው። «እቤት ለእማማ እንደምትነግራት ንገረኝ» ቢሉት አንደበቱ ይፈታል። ሲናገር ቃል በቃል መድገሙን አይፈልጉ። እንዲያውም ቃል በቃል ከደገመ ይጠራጠሩ። የሚፈለገው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደገጠመው፣ ምን በምን ምክንያት እንደመጣና እንዴት እንዳለቀ ነው። የሠፈሩን አነጋገር ቢያመጣም አይቁረጡበት፤ የሚመዘነው መረዳቱ ነው። 64 ልጅ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። በቀን አራት ልጅ ካዩ በ16 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ። ሌሎቹ አምስት አምስት ሆነው በቡድን እርስ በርስ ይተራረኩ። እርስዎ አንዱ ቡድን አጠገብ ቆመው ይስሙ።

ክፍት ቦታ ማስሞላትም ይጠቅማል። ዊልሰን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1953 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በየአምስት ቃሉ አንዱን ያወጣሉ። እኔ አማርኛ ላይ እንደዚያ መቁጠሩን አልመክርም። አንዱ ግሣችን ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ «አልመጣችላቸውም» የሚለው ከወጣ ዓረፍተ ነገሩ አብሮ ይሄዳል። ይልቅ አያያዥ ቃላትን ያውጡ። «ዝናብ እየዘነበ ነበር። ______ አባባ ጥላ ሳይዝ ወጣ።» ልጁ «ስለዚህ» ከሞላበት ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አልተገናኙለትም። «ይሁን እንጂ» ካለ ገብቶታል።

አንድ ነገር ግን በጣም እንዲጠነቀቁልኝ እፈልጋለሁ። በአንድ ምንባብ ብቻ «ይህ ልጅ አይገባውም» ብለው እንዳይፈርዱ። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት አሜሪካውያን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ አነበቡ። በንባብ ደካማ የሚባሉት፣ ጨዋታውን የሚያውቁ ከሆነ፣ ጎበዝ ከሚባሉት ግን ጨዋታውን ከማያውቁት ልጆች የተሻለ ተረኩት። አስቡት እንግዲህ። ስለ ሽምብራ አዝመራ የተጻፈ ምንባብ ከደምቢያ ለመጣው ልጅ ቤቱ ነው። ፒያሳ ተወልዶ ላደገው ልጅ ግን ባዕድ ሊሆን ይችላል። ስለ አሳንሰር ቢሆን ደግሞ ይገለበጣል። ክፍልዎ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ልጆች አሉ። ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ርዕሶች ይመዝኑ። ወይም ከማስነበብዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ስለ ርዕሱ ያስወሯቸው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ያኔ ይታይዎታል።

ስለ ፍጥነት ባጭሩ። በ2002 ዓ.ም. አገር አቀፍ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሲደረግ በርካታ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በእንዲህ ያለ ምዘና በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚነበብ መቁጠር የተለመደ ነው። ለጀማሪ ጠቃሚ ነው፤ በጣም የሚዘገይ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። እርስዎ ግን 4ኛ ክፍል ነዎት፣ ልጆችዎም አይደናቀፉም። ከዚህ በኋላ ሰዓት መያዝ ብዙ አይነግርዎትም።

እንግዲህ ስለዚያ ልጅ። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ይጥሩት፤ ጓደኞቹ ፊት አይሁን። የጥሩዬን ምንባብ እርስዎ ያንብቡለት፣ ቀስ ብለው። «አህያዋ የት ሄደች?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ማክሰኞ ሌላ አጭር ምንባብ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እርስዎ ጠብቆ ላልቶውን ያዳምጡ። ረቡዕ ሦስተኛ ምንባብ ለብቻው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ቀስ ብሎ ያንብብ። «ጮክ ብለህ ማንበብ የለብህም፣ ማንም አይቸኩልብህም» ይበሉት። እንደ ውኃ የሚያነቡ ልጆች አንዳንዴ የምናሞግሳቸው ለፍጥነታቸው ብቻ መሆኑን ስላወቁ ይሮጣሉ። ቆም ብለው የማሰብ ፈቃድ አላገኙም። በሦስተኛው ቀን ከተናገረ ችግሩ ሩጫው ነበር። ሲያነቡለትም፣ ለብቻው ሲያነብም ዝም ካለ፣ በሥዕል ወይም በጽሑፍም ካልመለሰ ግን የቃላት ወይም ስለ ርዕሱ ያለው እውቀት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያንብቡለት፣ ከእሱ ጋርም ስላነበባችሁት ያውሩ። ሦስቱን ቀን አይተው የነገረዎትን ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።